ሦስት ሺህ ቃል ሸምድጄ ውጤቴ ለምን አልተንቀሳቀሰም?

ጥያቄ፦ «ለማስተርስ ለማመልከት የጂአርኢ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ባለፉት ሰባት ወራት ከሦስት ሺህ በላይ የእንግሊዝኛ ቃላት በካርድ ላይ እየጻፍኩ ሸምድጃለሁ። ስጀምር የቨርባል (የቋንቋና የንባብ ክፍሉ) ውጤቴ ከ170 147 ነበር። አሁን በሙከራ ፈተና ያገኘሁት 149 ነው። ሂሳቡ ላይ ችግር የለብኝም። ንባቡ ላይ ግን ሁልጊዜ ሁለት ምርጫ ይቀረኝና የተሳሳተውን እመርጣለሁ። አስር ሳምንት ቀርቶኛል። አምስት ሺህ ቃላት ያሉት ሌላ ዝርዝር አግኝቻለሁ፤ ወደሱ ልግባ? ወይስ ፈጥኖ ማንበብ ልለማመድ? በቶፍል (በእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው) ጥሩ ውጤት ስላለኝ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ብዬ አላምንም።»

መልስ፦ ወደ አዲሱ ዝርዝር አትግቢ። የፍጥነት ንባቡንም ተዪው። ዋናው ችግርሽ የቃል ማነስ አይደለም። ቢሆን ኖሮ ሦስት ሺህ ቃል ሲጨመርበት ውጤቱ ይንቀሳቀስ ነበር። ከ147 ወደ 149 መሄድን ደግሞ ዕድገት ብዬ አልቆጥረውም። ያው ሰው፣ በዚያው እውቀቱ፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት ቢፈተን ሁለት ነጥብ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ የሄድሽበት መንገድ አልሠራም ብሎ መቀበል ይሻላል። ሰባት ወር ለለፋ ሰው ይህ ከባድ ነው፤ ይገባኛል። ግን ልፋቱ ሁሉ ውሃ አልበላውም። ከዚያ ሦስት ሺህ ውስጥ የሚተርፍሽ አለ፤ ወደ በኋላ አነሳዋለሁ።

መጀመሪያ ፈተናው ምን እንደሚጠይቅ እናጥራ። ቃል የመሸምደዱ ልማድ የመጣው ከድሮው ጂአርኢ ነው። ያኔ አንድ ቃል ብቻውን ይሰጥና «ተቃራኒውን ምረጡ» ይባል ነበር። የሁለት ቃላትን ዝምድና ከሌሎች ሁለት ጋር ማመሳሰልም ነበር። ዙሪያው ምንም ፍንጭ የለም። ቃሉን ካወቅሽው አገኘሽ፣ ካላወቅሽው አለፈሽ። ለዚያ ፈተና ወፍራም ዝርዝር ይጠቅም ነበር። አዘጋጁ ኢቲኤስ ግን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2011 ሁለቱንም የጥያቄ ዓይነቶች አስወጣቸው። ዝርዝሮቹ ግን ከእጅ ወደ እጅ መዞራቸውን አላቆሙም። ብዙ ተፈታኝ ዛሬም የሚዘጋጀው ከቀረ ዓመታት ላስቆጠረ ፈተና ነው።

የአሁኑ ቨርባል ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው 12 ጥያቄ በ18 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 15 ጥያቄ በ23 ደቂቃ ነው። በድምሩ 27 ጥያቄ በ41 ደቂቃ። ይህ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ፈተናው ካጠረ በኋላ ያለው ልክ ነው። ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ ይዘሽ ከሆነ ሰዓቱም የጥያቄው ብዛትም አይገጥምልሽም። ከጥያቄዎቹ ግማሽ ያህሉ ንባብ ነው። የቀረው ባዶ ቦታ መሙላት እና ዓረፍተ ነገሩን አቻ የሚያደርጉ ሁለት ቃላት መምረጥ ነው። በንባቡ ውስጥ የአንድ ቃል ትርጉም ሊጠየቅ ይችላል። እሱም ቢሆን «እዚህ አንቀጽ ውስጥ ምን ማለት ነው?» ነው የሚለው። ቃልን ነጥሎ አውጥቶ ትርጉሙን የሚጠይቅሽ ጥያቄ የለም።

የቶፍልን ነገርም እዚሁ ልዝጋው። ቶፍል የሚለካው በእንግሊዝኛ መማር ትችያለሽ ወይ የሚለውን ነው። ሌላ ቋንቋ ተናግረው ላደጉ ሰዎች የተሠራ ነው። የጂአርኢ ቨርባል ግን እንግሊዝኛን አፋቸውን የፈቱበት ሰዎችም የሚቀመጡበት፣ እነሱም የሚሳሳቱበት ፈተና ነው። የሚለካው አንድ ሰው የተወሳሰበ ክርክርን ሳያዛባ መከተል መቻሉን ነው። ስለዚህ በቶፍል ጥሩ ሆኖ በቨርባል 149 ማግኘት የሚጋጭ ነገር የለውም። እንዲያውም ስለ እንግሊዝኛሽ ያልሽው ትክክል ይመስለኛል። እንግሊዝኛሽ ደህና ነው። የጎደለው ዓረፍተ ነገሩን የመፍታት ልምድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ተማሪዎች ሲሳሳቱ አብሬ ተቀምጬ አይቻለሁ። የሚጥላቸው ትልቁ ቃል ነው ብለው ያምናሉ። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጥሏቸው ትንንሾቹ ናቸው፤ ማንም በካርድ ላይ የማይጽፋቸው። «ባት»ን እንውሰድ። ትርጉሙ «ግን» እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ታዲያ የአንድ ገጣሚ ስም «ኦል ባት ፎርጎተን» ነው ቢባል ምን ማለት ነው? ሊረሳ ምንም አልቀረውም ማለት ነው። «ኤኒቲንግ ባት ፎርጎተን» ቢባልስ? በፍጹም አልተረሳም ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ተራ ቃል ናት፤ ትርጉሙ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። «ኢፍ»ም እንዲሁ ነው። አንድ ጥናት «ብሪሊያንት ኢፍ ፍሎድ» ከተባለ እዚያ ውስጥ «ከሆነ» የሚባል ነገር የለም። «ጉድለት ቢኖርበትም ድንቅ ነው» ነው የሚለው።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ የራሳችን ተጨማሪ ወጥመድ አለን። በአማርኛ «ቢሆንም» የሚመጣው ከሐረጉ መጨረሻ ነው። ሐሳቡን ሰምተን ጨርሰን ነው እንደሚታጠፍ የምናውቀው። በእንግሊዝኛ «ኦልዞው» ከፊት ለፊት ቁጭ ይላል። ገና ምንም ሳይነገር «የሚመጣውን ሙሉ በሙሉ አትቀበዪው፣ ይታጠፋል» እያለ ያስጠነቅቃል። አንባቢያችን ግን ይህን ማስጠንቀቂያ ዘልሎት ይሄዳል። መሃል ሲደርስ መታጠፊያው ከእጁ ወጥቷል።

የገላጭ ሐረጉ ቦታም እንዲሁ የተገለበጠ ነው። እኛ «ባለፈው ዓመት የታተመው፣ ብዙዎች የተቹት ጥናት ተቀባይነት አገኘ» እንላለን። «ጥናት» እና «አገኘ» ጎን ለጎን ናቸው። እንግሊዝኛው ግን «ጥናቱ» ብሎ ይጀምርና የታተመበትን፣ የተቸበትን፣ የተቺዎቹን ማንነት ሁሉ መሃል ላይ ዘርግፎ ከሁለት መስመር በኋላ ግሱን ያመጣል። ያኔ ምኑ ተቀባይነት እንዳገኘ ይጠፋሻል። ጥናቱ ነው ወይስ ትችቱ? እዚህ ላይ ያልጠራ ነገር ምርጫዎቹ ጋ ስትደርሺ ሁለት መልስ ሆኖ ይጠብቅሻል።

«ሌት አሎን» ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። እኛ «መሮጥ ይቅርና መራመድም አይችልም» እንላለን። ከባዱ ይቀድማል፣ ቀላሉ ይከተላል። እንግሊዝኛው «መራመድ አይችልም፣ ሌት አሎን መሮጥ» ይላል። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ባዶው ቦታ ከነዚህ ከአንዱ ጎን ቢመጣ፣ በአማርኛው ቅደም ተከተል የሚያስብ ሰው የሚመርጠው ቃል ተቃራኒውን ነው። ቃሎቹን ሁሉ እያወቀ።

ነጥቡ ቃል አለመሆኑን ለማሳየት አንድ ጥያቄ ሙሉ በሙሉ በአማርኛ ልስጥሽ። «መጽሐፉ ለሳይንቲስቷ ያለው አድናቆት ግልጽ ቢሆንም ______ አይደለም፤ ደራሲው የሠራቻቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ያነሳል።» ምርጫዎቹ፦ ቅን፣ ጭፍን፣ ጥልቅ፣ የተደበቀ፣ ዘግይቶ የመጣ። የማታውቂው ቃል አለ? የለም። ግን ፈጥኖ የሚያነብ ሰው «የተደበቀ» ላይ እጁ ይሄዳል። «ግልጽ» የሚል አይቷላ፤ ተቃራኒው ታየው። ነገር ግን «ግልጽ ቢሆንም የተደበቀ አይደለም» ትርጉም አይሰጥም፤ «ቢሆንም» የሚያጥፈው ነገር የለም። «ጥልቅ» ደግሞ ለጆሮ ደስ ይላል። ግን ስህተት መንቀስ አድናቆትን ጥልቀት አያሳጣውም። ከድርብ ሰረዙ (፤) በኋላ ያለው ሐሳብ ነው ቁልፉ። ስህተቷን የሚያነሳ ሰው አድናቆቱ ምን አይደለም? ዓይኑን የጨፈነ አይደለም። ጭፍን። ይህን መልስ የሚያመጣው የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ነው።

ከዚህ የሚወጣው የአሠራር ደንብ አንድ ነው፤ በጥብቅ ያዢው። ምርጫዎቹን በእጅሽ ሸፍኚ። ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አንብቢ። መታጠፊያውን ፈልጊ። ከዚያ ባዶው ላይ የራስሽን ቃል አስቀምጪ፤ በአማርኛም ቢሆን ችግር የለውም። ያን ጊዜ ብቻ ምርጫዎቹን ግለጪ። ምርጫዎቹ የተጻፉት አንቺን ለማባበል ነው። ቀድመሽ ካየሻቸው ዓረፍተ ነገሩን በእነሱ ዓይን ነው የምታነቢው። ሁለትና ሦስት ባዶ ያለበት ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ ከመጀመሪያው ባዶ መጀመር ግዴታ አይደለም። ፍንጩ ከበዛበት ጀምሪ። ሁሉም ባዶ ካልተመለሰ ነጥብ የለም፤ ግማሽ ነጥብ የሚባል ነገር አይሰጡም።

ሁለት ቃል የሚመረጥበት ጥያቄ ላይ አንድ ሰፊ ስህተት አለ። «ከስድስቱ ውስጥ ተመሳሳይ የሆኑትን ሁለት ቃላት ፈልግ፣ ዓረፍተ ነገሩን አንብብም አታንብብም» የሚል ዘዴ ሲነገር እሰማለሁ። አደገኛ ነው። «ንግግሩ በጣም ______ ስለነበር አድማጮቹ ከግማሹ በኋላ ማፋሸግ ጀመሩ» ቢል፣ ምርጫው ውስጥ «አዝናኝ» እና «አስደሳች» ተቀምጠው ይጠብቁሻል። ተመሳሳይ ናቸው፤ ሁለቱም ስህተት ናቸው። ትክክለኞቹ «አሰልቺ» እና «የተንዛዛ» ሊሆኑ ይችላሉ። መዝገበ ቃላት እነዚህን አንድ ናቸው አይልም። እዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን አንድ ዓይነት ሐሳብ ይሰጣሉ። ጥያቄውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ታዲያ ቃል አያስፈልግም ማለቴ ነው? አይደለም። ያስፈልጋል፤ አያያዙ ነው የተበላሸው። በካርድሽ አንድ ወገን እንግሊዝኛው፣ በሌላው አንድ የአማርኛ ቃል እንዳለ እገምታለሁ። ይህ ቃሉን ግማሽ ያደርገዋል። «ፍሩጋል» እና «ፓርሲሞኒየስ» ሁለቱም «ገንዘብ የማያባክን» ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ። ግን አንደኛው ቆጣቢ ነው፣ ሌላው ቋጣሪ። አንደኛው ምስጋና፣ ሌላው ነቀፋ ነው። ፈተናው የሚጫወተው በትክክል እዚህ ልዩነት ላይ ነው። የቃሉን ትርጉም አውቀሽ ስሜቱን ካላወቅሽ እንዳላወቅሽው ይቆጠራል።

ሁለተኛው ችግር የምታውቂያቸው የሚመስሉሽ ቃላት ናቸው። «ሳንክሽን» ሲባል ማዕቀብ ነው ትዝ የሚለን። ግስ ሲሆን ግን ብዙውን ጊዜ «ፈቀደ፣ አጸደቀ» ማለት ነው። «ኳሊፋይ» ብቁ መሆን ብቻ አይደለም፤ አንድን አባባል መገደብ፣ ማለዘብ ነው። በንባብ ጥያቄ ውስጥ ጸሐፊው አንድን ሐሳብ «ኳሊፋይ» አደረገ ከተባለ ልክ አበጀለት ማለት ነው። «ቼክ» መፈተሽ ነው፤ መግታትም ነው። «ግራቪቲ» ስበት ነው፤ የነገር ክብደትና አሳሳቢነትም ነው። «ኮንቪክሽን» የጥፋተኝነት ፍርድ ነው፤ ጽኑ እምነትም ነው። ለእነዚህ ማንም ካርድ አያዘጋጅም፤ «አውቃቸዋለሁ» ተብለው ይታለፋሉ። ከአምስት ሺሁ ዝርዝር ይልቅ እንዲህ ያሉ መቶ ቃላት ይጠቅሙሻል።

ስለ ቃላት ብዛት ጥናት የሚለውንም ልጨምር። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪው ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት፣ አንድ ሰው ያለ ረዳት ለማንበብ ከጽሑፉ ቃላት 98 በመቶውን ማወቅ እንዳለበት ተነስቶ፣ ለዚህ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰብ ያስፈልጋል ብሏል። የቃል ቤተሰብ ማለት መሠረቱ አንድ የሆነ ቃል ከነእርባታው ነው። ይህን ያህል ቃል በአስር ሳምንት በካርድ አይገባም። በዓመታት ንባብ ነው የሚከማቸው። በሌላ በኩል አቭሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰብ ብቻ ይዞ ከአካዳሚክ ጽሑፍ ውስጥ 10 በመቶ ገደማውን ይሸፍናል። አስቢው፤ 570 ብቻ። እንግዳና ብርቅ ቃል እያሳደድሽ እነዚህን በግማሽ ትርጉም ካለፍሻቸው ሂሳቡ አያዋጣም።

አደራ የምለው ሌላ ነገር አለ። የላቲንና የግሪክ ሥር እያዩ ትርጉም መገመትን መጨረሻ ላይ፣ ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ ተጠቀሚበት። «ኢን» አፍራሽ ነው ተብሎ ይነገራል። «ኢንቫልዩአብል» ግን ዋጋ ቢስ አይደለም፤ ዋጋው የማይተመን ነው። «ኢንፍላመብል»ም የማይቀጣጠል ሳይሆን በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው።

ወደ ንባቡ እንሂድ። «ሁለት ይቀረኛል፣ የተሳሳተውን እመርጣለሁ» ያልሽው በጣም ጠቃሚ መረጃ ነው። ሦስቱን መጣል ከቻልሽ አንቀጹ ገብቶሻል ማለት ነው። የምትስቺው የሐሳቡ ልክ ላይ፣ አንቀጹ እስከ ምን ድረስ እንዳለ ላይ ነው። እስኪ ይህን አጭር አንቀጽ እዪ። «ለረጅም ጊዜ የወፎች ዝማሬ ዓላማ ወንዱ ሴቷን መጥራት ብቻ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ሮቢን የተባለው የአውሮፓ ወፍ ግን በብርዱ ወቅት፣ ከመራቢያ ጊዜው ውጭ ይዘምራል። ሴቷም ትዘምራለች።» ከዚህ ምን መደምደም ይቻላል? አንደኛ፣ የሮቢን ዝማሬ ከመራባት ጋር ግንኙነት የለውም። ሁለተኛ፣ መራባት ብቻውን የዝማሬን ዓላማ ሁሉ አይገልጽም። ሦስተኛ፣ ሮቢን በብርዱ ወቅት የሚዘምረው ግዛቱን ለመጠበቅ ነው።

ሦስተኛው በእውኑ ዓለም ትክክል ነው። ሮቢን በብርዱ ወቅት ግዛቱን ለመከላከል ይዘምራል። ስለ ወፎች የምታውቂ ከሆነ እሱን ትመርጫለሽ፣ ትሳሳቻለሽም። አንቀጹ ውስጥ ስለ ግዛት አንድም ቃል የለም። የውጭ እውቀትሽ እዚህ አያገለግልሽም። አንደኛው ደግሞ የተለመደው ማጥመጃ ነው፤ ከሚገባው በላይ ይሄዳል። አንቀጹ «ብቻ» የሚለውን ነው ያፈረሰው፤ ግንኙነቱን አላፈረሰም። መልሱ ሁለተኛው ነው። አነስ ያለ፣ ጥንቁቅ፣ ትንሽም አሰልቺ ነው። የመደምደሚያ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ሁለት ሲቀርሽ ከሁለቱ የተጋነነውን ጠርጥሪ። «ሁልጊዜ»፣ «በፍጹም»፣ «ብቸኛው» የሚል ካለበት አንቀጹ ያን ያህል ማለቱን ጣትሽን አስቀምጠሽ አሳዪኝ። ካልቻልሽ ጣይው።

ሌላው ተደጋጋሚ ስህተት የማን ሐሳብ እንደሆነ መቀላቀል ነው። አካዳሚክ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ የሌሎችን አመለካከት ይዞ ይጀምራል። ሦስት መስመር ያህል በቁም ነገር ያብራራዋል። ከዚያ «የት» ወይም «ሀውኤቨር» (ሁለቱም «ግን» ማለት ናቸው) ይልና ይዞርበታል። የጥድፊያ አንባቢ የመጀመሪያውን የጸሐፊው ሐሳብ አድርጎ ይይዘዋል። ስታነቢ ለእያንዳንዱ አስተያየት ባለቤት ስጪው። ይህ የድሮዎቹ ነው፣ ይህ የተቺዎቹ ነው፣ ይህ የራሱ ነው። ዝርዝር መረጃውን በቃል ለመያዝ አትሞክሪ። አንቀጹ ከፊትሽ ነው፤ ሲጠየቅ ተመልሰሽ ታዪዋለሽ።

የፍጥነት ንባብን ተዪው ያልኩሽም ለዚህ ነው። 41 ደቂቃ ለ27 ጥያቄ ሲካፈል ለአንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። ይህ ጠባብ ነው፤ እውነት ነው። ግን ሰዓት የሚበላው ቀስ ብሎ ማንበብ ሆኖ አላገኘሁትም። የሚበላው አንዱን አንቀጽ ሦስት ጊዜ ማንበብ ነው። መጀመሪያ ላይ ስላልገባ ነው የሚደገመው። አንዴ በደንብ የገባ ሰው አይመለስም። በአንድ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ዘለሽ መመለስ ስለሚፈቀድ፣ የያዘሽን ምልክት አድርገሽ እለፊው። ስህተት ነጥብ አያስቀንስም፤ ስለዚህ ባዶ የሚተው ጥያቄ አይኑር። የሁለተኛው ክፍል ክብደት የሚወሰነው በመጀመሪያው ክፍል ውጤትሽ መሆኑንም አስታውሺ። ሁለተኛው ቢከብድሽ አትደንግጪ። የመጀመሪያውን ጥሩ ስለሠራሽ ሊሆን ይችላል።

ለአስሩ ሳምንት የምመክርሽ ይህ ነው። በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል፤ ግን ሳይቆራረጥ። መጀመሪያ አንድ ጠንከር ያለ ጽሑፍ አንብቢ። ከሳይንስ፣ ከታሪክ፣ ከሥነ ጥበብ ሒስ እያፈራረቅሽ። በተለይ የማትወጂውን መስክ አትሽሺ፤ ፈተናው ምርጫሽን አይጠይቅም። አንድ አንቀጽ ባለቀ ቁጥር ቀና በዪና ያነበብሽውን በአንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ተናገሪው። ድምፅ አውጥተሽ። መናገር ካቃተሽ አልገባሽም፤ ተመለሺ። ይህን የምልሽ ለልምምድ ነው። ፈተና ላይ ቃል በቃል ወደ አማርኛ ስትመልሺ ሰዓት እንዳያልቅብሽ።

ቀጥሎ ስምንት ጥያቄ ብቻ ሥሪ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ሰዓት አትያዢ። ትክክል ብትመልሺም ባትመልሺም፣ እያንዳንዱ የተጣለ ምርጫ ለምን እንደተጣለ በአንድ መስመር ጻፊ። ስህተትሽን በደብተር በዓይነቱ ለይው። መታጠፊያ ስቼ ነው፣ ልክ አልፌ ነው፣ ባለቤቱን አምታትቼ ነው፣ ወይስ ቃሉን አላውቀውም? በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ደብተሩን ቁጠሪው። «ቃሉን አላውቀውም» ከግማሽ በላይ ከሆነ ምክሬን አሻሽዪና የቃሉን ሰዓት እጥፍ አድርጊ። እንደማይሆን ግን እገምታለሁ።

የመጨረሻዋ ሃያ ደቂቃ ለቃል ነች። አዲስ ዝርዝር የለም። ከሦስት ሺሁ ውስጥ በንባብሽ ወይም በጥያቄ ውስጥ ያገኘሻቸውን ብቻ አውጪ። ካርዱ ላይ ያገኘሽበትን ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ምስጋና ነው ነቀፋ የሚለውንም። ስትከልሺ ካርዱን ገልብጠሽ አትመልከቺ፤ ከራስሽ ለማውጣት ታገዪ። ሮዲገር እና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ የተሻለ አስታወሱ፤ ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት ራሳቸውን የፈተኑት ነበሩ። አንቺ የምትፈተኚው ከአስር ሳምንት በኋላ ነው።

የሙከራ ፈተናሽን ከየት እንዳገኘሽው አልነገርሽኝም። ኢቲኤስ ፓወርፕሬፕ በሚባለው ላይ ሁለት ሙሉ ፈተና በነጻ ይሰጣል። ከእውነተኛው ጋር የሚቀራረበው እሱ ነው። አንዱን በአራተኛው ሳምንት፣ ሌላውን ፈተናው አስር ቀን ሲቀረው ተቀመጪ። ከዚያ በላይ አታብዢ። የሙከራ ፈተና ይለካል እንጂ አያስተምርም። «የወጣ ጥያቄ» የሚሸጥልሽን ሰው ደግሞ በሩቁ ሽሺው፤ ውጤትሽ ሊሰረዝ ይችላል።

ምን ያህል ትጠብቂ? የቨርባል ነጥብ ከ130 እስከ 170 ነው፤ የተፈታኞች አማካይ 150 አካባቢ ነው። ስለዚህ ያለሽበት ቦታ የሚያሳፍር አይደለም። በዚህ መንገድ በአስር ሳምንት አራት፣ አምስት፣ ስድስት ነጥብ የጨመሩ አይቻለሁ። በዚህ ጊዜ 165 አደርስሻለሁ የሚል ካለ ገንዘብሽን አትስጪው። ደግሞ የቨርባሉን ነጥብ ከሂሳቡ ጋር አታወዳድሪ። በቨርባል 160 ያገኘ ሰው በሂሳብ 160 ካገኘው ይልቅ ብዙ ተፈታኝ ነው ከኋላው የሚያስቀምጠው።

ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ግን ዛሬውኑ የምታመለክቺባቸውን የትምህርት ክፍሎች መስፈርት አንድ በአንድ አንብቢ። ብዙ ፕሮግራሞች ጂአርኢን ትተዋል ወይም በፈቃደኝነት አድርገውታል። ሂሳብ የሚበዛበት መስክ ከሆነም ቨርባሉን ያን ያህል ላያከብዱት ይችላሉ። የፈተናውን ቀን ከማመልከቻው መዝጊያ ቢያንስ ሁለት ወር አስቀድሚው። በድጋሚ ለመቀመጥ 21 ቀን መጠበቅ ግድ ነው፤ በ12 ወር ውስጥ የሚፈቀደውም አምስት ጊዜ ነው። የትኛውን ውጤት እንደምትልኪ መምረጥ ስለምትችዪ መጀመሪያው ቢበላሽ አይከተልሽም። ውጤቱ አምስት ዓመት ያገለግላል። ቶፍልሽ ግን ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ማመልከቻሽ እስኪደርስ ጊዜው እንዳያልፍ የወጣበትን ቀን እዪው።